ቢራው ከመግባቱ በፊት ጎረቤት ይጠየቅ

ባለፈው ሐሙስ የውይይት ሰዓት ላይ የተነሣ አንድ ጥያቄ ደወል ተደውሎ ስንለያይ እንኳ አልበረደም። እራት ላይ ቀጠለ፤ መኝታ ክፍል ድረስም ተከተለን። ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ነው። አንድ የሰፈር ባለሱቅ ከጨውና ከሳሙናው ጎን ቢራ ልሽጥ ብሎ ቢያመለክት፣ ቀበሌውም ሕዝቡን ሰብስቦ «ምን ትላላችሁ?» ቢል፣ እዚያው የተመደበው መምህር እጁን አውጥቶ ምን ይላል? ግማሾቻችን «መምህር ምን አገባው!» አልን። ግማሾቻችን «እሱ ካላገባው ማን ሊያገባው ነው?» አልን። ይህን ጽሑፍ በግድግዳ ጋዜጣችን ላይ የምናወጣው የዚያን ቀን ጉሮሯችን ላይ የቀረውን ለመጨረስ ነው። የማይስማማ በሚቀጥለው እትም ይጻፍ፤ ቦታው አይጠፋም።

ነገሩን ሜዳ ላይ ከምንተወው አንድ አገር እናስይዘው። ሽንፋን እንውሰድ። ሽንፋ በምዕራብ ጎንደር ዞን፣ በመተማ በኩል ያለች የቆላ አገር ናት። ስሟን የምትጋራው ወንዝ ወደ ሱዳን ሲሻገር ራሃድ ይባላል፤ በክረምት ይሞላል፣ በበጋ ኩሬ ኩሬ እየሆነ ይቆራረጣል። በ2016 ዓ.ም. ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት እንዳስረዳው፣ ከ70 ሺህ ዓመት በፊት በዚሁ ወንዝ አካባቢ የኖሩ ሰዎች በደረቁ ወራት ከኩሬው ዓሣ እያወጡ ይመገቡ ነበር። እነሱ በዓሣና በውሃ ኖረዋል፤ የቢራው ጣጣ የመጣው በእኛ ጊዜ ነው። ሽንፋን የመረጥነው ግን ለዚህ አይደለም። ከመካከላችን የዚያ አካባቢ ልጆች አሉ፤ ተመርቀን ስንወጣም ወደ ቆላው የምንወርድ አንጠፋም። ባለሱቁ ግን በሐሳብ የፈጠርነው ሰው ነው። የሽንፋ ነጋዴ ይህን ቢያነብ «እኔን አሙኝ» እንዳይለን ከወዲሁ ተናግረናል።

እንግዲህ ባለሱቁ ምን አስቦ ነው ብለን እንጀምር፤ ሰውን ከመክሰስ በፊት ማዳመጥ ይቀድማልና። ቆላው ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ የሚያበቅል አገር ነው። ክረምት ሲገባ ለአረም፣ ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋው ብዙ የቀን ሠራተኛ ይወርዳል። ሰሊጥ ቀን አይሰጥም፤ ደርሶ ካልታጨደ ፍሬው ይረግፋል። ስለዚህ ሠራተኛው በአንድ ወቅት ይጎርፋል፤ ገንዘቡንም በአንድ ወቅት ይቀበላል። ሙቀቱን የቆላ ልጆች ያውቁታል፤ ደገኞቹ ደግሞ ስትደርሱ ታዩታላችሁ። ታዲያ ባለሱቁ ከአንድ ኪሎ ጨው ምን ያተርፋል? ከአንድ ሳሙናስ? ማቀዝቀዣ ገዝቶ ሁለት ሳጥን ቢራ ቢያስገባ፣ ለቢራ የመጣው ሰው ክብሪቱንም ብስኩቱንም ይዞ ይሄዳል። ቢራው እንደሆነ ሩቅ አይደለም፤ ዳሽን በ1992 ዓ.ም. ጎንደር ላይ ማምረት ከጀመረ ብዙ ዓመቱ ነው። ባለሱቁ «እኔ ብከለከል ሰው መጠጣት ይተዋል ወይ?» ብሎ ቢጠይቀን መልስ የለንም። አይተውም። ይህን አምነን ካልተነሣን የምንናገረው ሁሉ ስብከት ይሆናል፤ ስብከቱን ደግሞ ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም ከእኛ በተሻለ ያውቁበታል።

ድንበርነቱም አለ። መተማን አብዛኛው ሰው የሚያውቃት ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በወደቁበት ጦርነት ነው። ለመጠጡ ነገር ግን የሚጠቅመን የቅርቡ ታሪክ ነው። በሱዳን የኒሜሪ መንግሥት በእኛ አቆጣጠር በ1976 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የሸሪዓ ሕግ አውጆ መጠጥ አገደ፤ ካርቱም ላይ ጠርሙሱን ወደ ዓባይ እያስደፋ ለዓለም አሳየ። ሙስሊም ላልሆኑ ሰዎች የተፈቀደው በሐምሌ 2012 ዓ.ም. ነው። ይኸ ሁሉ ዓመት እንግዲህ ከአንድ ወሰን ወዲያ የተከለከለው ወዲህ የተፈቀደ ነበር ማለት ነው። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በሱዳን ጦርነት ምክንያት በመተማ በኩል ብዙ ሰው ተሰዶ ገብቷል። መንገደኛ፣ ሾፌር፣ ሠራተኛ፣ ስደተኛ በሚያልፍበት አገር የአንድ ሱቅ ቢራ የባለሱቁና የደንበኛው ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ማን እንደሚጠጣ አታውቀውም፤ ጠጥቶ የት እንደሚያድርም አታውቅም።

ሕጉስ ምን ይላል? በውይይታችን ላይ «ሕግ የለም» ያለ ጓደኛችን ነበረ። ተሳስቷል፤ ሕግ አለ። የንግድ ምዝገባና ፈቃድ በአዋጅ ቁጥር 980/2008 ይመራል። ነጋዴው የሥራ መስኩን ለይቶ ያመለክታል፤ ለዚያ መስክ ፈቃድ ያወጣል፤ ያሳድሳል። ነገሩ በዋነኛነት በአመልካቹና በንግድ ጽሕፈት ቤቱ መካከል ያልቃል። ቀበሌው ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ደብዳቤ ነው። ጎረቤቱ ወሬውን የሚሰማው ማቀዝቀዣው በባጃጅ ተጭኖ ሲመጣ ነው።

በሌላ በኩል የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አለ። የቢራ ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን የጠፋው በዚህ አዋጅ ነው። 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮል መሸጥንም ይኸው አዋጅ ከልክሏል። (እዚህ ላይ ሳቅ ተነሥቶ ነበር። ከሠልጣኞች መካከል 21 ያልሞላን ጥቂት አይደለንም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ጠርሙስ ሊሸጥልን የማይገባ ሰዎች ስልሳ ሕፃን ይዘን ልንቆም ነው። የሳቀው ሳቀ፤ ነገሩ ግን ሕግ ነው።)

ሦስተኛው የተረሳው ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ላይ፣ ባለሀብት በንብረቱ ሲጠቀም ጎረቤቱን እንዳይጎዳና እንዳያውክ፣ ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጭስ፣ መጥፎ ሽታና ጩኸት እንዳያመጣበት ያዛል። እስቲ አስቡት፤ ከስልሳ ዓመት በላይ የሆነው ሕግ «ጉርብትና» የሚለውን የእናቶቻችንን ቃል ይዞ ቆይቷል። የሚያሳዝነው ይህ ሕግ ጎረቤትን የሚያግዘው ነገሩ ከደረሰ በኋላ መሆኑ ነው። ጩኸቱ ይምጣ፣ ሽንቱ ግድግዳህ ሥር ይፍሰስ፣ ከዚያ ክሰስ። አቅም ያለው ይከስ ይሆናል። አንዲት ጉሊት ቸርቻሪ ሴት ግን ሥራዋን ፈትታ ባለሱቁን ፍርድ ቤት ልታቆም ነው? ከዚህም ጋር ያ ባለሱቅ ዘይት በዱቤ የሚሰጣት ሰው ነው።

ዱቤ ካልን አይቀር የእኛ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ስለሆነ እንቆይበት። መጠጥ ቤት ወይም ግሮሰሪ ቢራ ሲሸጥ አንድ ነገር ነው፤ ሱቅ ቢራ ሲሸጥ ሌላ ነገር ነው። ወደ መጠጥ ቤት የሚሄድ ሰው ሊጠጣ ሄደ ይባላል፤ ቤተሰቡም ያውቃል፤ ሕፃን ልጅ በሩ ላይ ምን ትሠራለህ ይባላል። ወደ ሱቅ ግን ሁሉም ይሄዳል፤ ከሁሉም በላይ ልጅ ይሄዳል። ደብተርና እስክርቢቶ እዚያ ነው፤ ስኳርና ሻይ ቅጠል እዚያ ነው። በአገራችን ወግ ልጅ ይላካል። «ሂድ ሳሙና አምጣ» የሚለው አባት ነገ «ሂድና ሁለት ቀዝቃዛ አምጣልኝ፣ ጠርሙሱን መልስ» ማለቱ አይቀርም። ባለሱቁስ ምን ይበል? የ10 ዓመት ልጅ ፊቱ ቆሟል፤ የሚጠጣው ልጁ እንዳልሆነ ያውቃል፤ አባትየው ደንበኛው ነው። «21 ዓመት ሲሞላህ ተመለስ» ሊለው ነው? ይሰጠዋል። ልጁም በሁለት እጁ አቅፎ ይሄዳል። ጠዋት የፊደል ገበታ ፊት የምታቆሙት ያንኑ ልጅ ነው።

ከልጁም የባሰ ግን የዱቤው ደብተር ነው። የሰፈር ሱቅ በዱቤ ይኖራል። ገበሬው ሰሊጡን እስኪሸጥ፣ መምህሩና ጤና ረዳቱ ደመወዝ እስኪቀበሉ፣ የቀን ሠራተኛው ሒሳብ እስኪሠራለት ባለሱቁ ይመዘግባል። እያንዳንዱ ቤት በዚያች ዙሪያዋ በተበላ ደብተር ውስጥ አንድ ገጽ አለው፤ ዘይት ይኼን ያህል፣ ሳሙና ይኼን ያህል፣ ለልጅ ደብተር ይኼን ያህል። መጠጥ ቤት ብዙ ጊዜ በእጅ በእጅ ነው፤ ኪስ ውስጥ ያለው ሲያልቅ ጠጪው ይነሣል። ሱቁ ቢራ ሲጀምር ግን ቢራው ከዘይቱ ጋር አንድ ገጽ ላይ ይወርዳል። ባል ይጠጣል፣ ባለሱቅ ይጽፋል፤ ሚስት በወሩ መጨረሻ «ገጹ ሞልቷል፣ ከዚህ በላይ አልመዘግብም» ትባላለች። የሞላው በምን እንደሆነ ማንበብ የማትችል ሴት ከሆነች የልጆቿን ዘይት የከለከላት ቢራ መሆኑን እንኳ አታውቅም። በክርክራችን ላይ «ቢራ ቤት ያፈርሳል» የሚል ብዙ ሰው ተናግሮ ነበር፤ እንዴት እንደሚያፈርስ የተናገረ ግን አልነበረም። አንዱ መንገድ ይኼ ነው። ቤት የሚፈርሰው ሁልጊዜ በዱላና በጩኸት አይደለም፤ በጸጥታ፣ በእስክርቢቶም ይፈርሳል።

እዚህ ላይ እውነቱን እንናገር፤ ከዚያ ደብተር መምህሩም አይጠፋም። የቀደሙን መምህራን የወር ደመወዛቸውን ለባለሱቁ አስረክበው በባዶ እጅ ሲመለሱ ያየን ልጆች እዚህ ግቢ ውስጥ አለን። ስለዚህ ጣታችንን በገበሬው ላይ ብቻ አንቀስርም።

አሁን ወደ ከባዱ ተቃውሞ እንምጣ። የሐሙስ ዕለት ከኋላ ወንበር የተቀመጠች ሠልጣኝ ተነሥታ «ጠላውና አረቄው በየጓሮው እየተሸጠ ቢራውን ብቻ ለምን ታሳድዱታላችሁ?» አለች። ጭብጨባ ተሰጣት፤ ይገባታልም። የፋብሪካ ቢራ በአብዛኛው 5 በመቶ አካባቢ አልኮል የያዘ፣ መጠኑ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈ፣ ግብር የተከፈለበት መጠጥ ነው። አረቄ ግን ኃይሉ ስንት እንደሆነ ራሷ ያወጣችውም አትነግራችሁ፤ ከቢራው ግን ብዙ እጥፍ ነው። ጥናት አያስፈልገውም፤ የጠጣ ያውቀዋል። ከዚህ ተነሥተን «እንግዲያው ቢራው ይሻላል፣ ይፈቀድ» ማለት ይቻላል፤ ብለውታልም።

ነገር ግን ጠላ ማን ነው የሚሸጠው? አብዛኛውን ጊዜ ሴት ናት፤ ብዙ ጊዜም ባሏ የሞተባት ወይም የተፋታች፣ መሬት የሌላት። ጌሾውን ወቅጣ፣ ብቅሉን አብቅላ፣ አሻሮውን ቆልታ፣ በዚያ ሙቀት እሳት ፊት ውላ ከምትጠምቀው ጋን ልጅ ታስተምራለች። ልጇ የእናንተ ተማሪ ነው። ማቀዝቀዣ ያለው ባለሱቅ ሲመጣ የመጀመሪያዋ ከሳሪ እሷ ናት። በሕዝብ ስብሰባ ላይ ግን «እኔ እከስራለሁ» ብላ አትናገርም፤ የእሷም ጠላ ፈቃድ ያለው ስላልሆነ ትፈራለች። «አንቺስ በምን ፈቃድ ትሸጫለሽ?» የሚላት አይጠፋማ። ዝም ትላለች። ዝም ስትል ደግሞ ቃለ ጉባኤው ላይ «ተስማምታለች» ተብሎ ይጻፋል።

እኛ ጠላ ሻጯ እንድትከለከል አንፈልግም፤ ባለሱቁም ከሷ እንጀራ ላይ ያለ አንድ ቃል ይራመድ አንልም። ለጓደኛችን የምንመልሰው ይህን ነው፦ አረቄው ከቢራው የሚከፋ ከሆነ ስለ አረቄውም ለመነጋገር በሩን የሚከፍተው የቢራው ማመልከቻ ነው። ቀበሌው ስለ መጠጥ በወግ የሚሰበሰብበት ሌላ ቀን የለውምና።

ቀበሌና ቢራ ሲባል በዕድሜ ከፍ ያሉት መምህሮቻችን ፈገግ ማለታቸውን አይተናል። በደርግ ዘመን በየከተማው ቀበሌው ራሱ በመዝናኛ ክበቡ ቢራ ይሸጥ ነበር። ሊቀ መንበሩ ፈቃድ ሰጪ፣ ሊቀ መንበሩ ባለ ቢራ፣ ሊቀ መንበሩ አቤቱታ ሰሚ። ጎረቤት ለማን ይጩህ? ያ ጊዜ አልፏል፤ ሻጩና ፈቃድ ሰጪው ተለያይተዋል። አቤቱታ ሰሚው ግን እስካሁን በደንብ አልተለየም።

ሌሎች አገሮች ይህን እንዴት እንዳደረጉት ማየት አይከፋም፤ ለመኮረጅ ሳይሆን ለመመዘን ነው። በእንግሊዝና በዌልስ በወጣው የ2003 (እ.ኤ.አ.) የፈቃድ ሕግ መሠረት መጠጥ ልሽጥ የሚል ሰው ማመልከቻውን ለአካባቢው ምክር ቤት ያስገባና፣ በራሱ በር ላይ ሰማያዊ ፈዘዝ ያለ ወረቀት ለ28 ቀን ይለጥፋል። ወረቀቱ ማን እንዳመለከተ፣ ምን ሊሸጥ እንደፈለገና በስንት ሰዓት እንደሚሸጥ ይናገራል። በዚያ 28 ቀን ውስጥ ጎረቤት በጽሑፍ ሐሳቡን ካቀረበ ምክር ቤቱ ሁለቱን ወገን አስቀምጦ ይሰማል። የሚመዘነውም በአራት ነገር ብቻ ነው፦ ወንጀልና ሁከት እንዳይመጣ፣ የሕዝብ ደኅንነት እንዲጠበቅ፣ ጎረቤት እንዳይታወክ፣ ሕፃናት ከጉዳት እንዲጠበቁ። «ቢራ ኃጢአት ነው» ብሎ መቃወም አይሠራም፤ «የሰውየውን ዓይን አልወደውም» ማለትም አይሠራም። እኛ የወደድነው ይህንን ነው። ነገሩን ከሰውየው ላይ አንሥቶ ቦታው ላይ ያደርገዋል።

«እንግሊዝ ሩቅ ነው» ለሚለን ኬንያ ጎረቤት ናት። በ2010 (እ.ኤ.አ.) ያወጡት የአልኮል መጠጦች ቁጥጥር ሕግ ፈቃድ የሚሰጥ የአውራጃ ኮሚቴ አቋቋመ፤ የአመልካቾቹ ስም በግልጽ እንዲለጠፍ፣ መቃወም የሚፈልግ እንዲቃወም አደረገ። መጠጥ ቤት ከትምህርት ቤት ቢያንስ 300 ሜትር እንዲርቅም ወሰነ። መሸጫ ሰዓቱንም ገድቦት ነበር፤ በሥራ ቀን ከምሽቱ 11 ሰዓት በፊት ጠርሙስ አይከፈትም። ሕጉ ሁሉንም አስተካከለ አንልም። ግን ወረቀቱ ይለጠፋል። ሙጫና ወረቀት ደግሞ ሽንፋ ላይም ይገኛል።

አሁን ወደ ስብሰባው እንግባ፤ እናንተም እኔም የምንቀመጥበት ወደሆነው። አዲስ መምህር ቀበሌ ሲደርስ ጽሑፉ ያምራልና ጸሐፊ ይደረጋል። ይህን ተዘጋጁበት። ስብሰባው ከዛፍ ሥር ነው። ሽማግሌዎቹ ድንጋዩ ላይ፣ ወንዶቹ ከፊት፣ ሴቶቹ ልጅ ያዘሉ ከኋላ። ሊቀ መንበሩ አጀንዳውን ያነባል። ባለሱቁ ይነሣል፤ ንጹሕ ለብሷል፤ ባለፈው ዓመት ለትምህርት ቤቱ አጥር ያዋጣውን ያስታውሳል። አንድ ሁለት ሽማግሌ «ልጃችን ነው፣ ሠርቶ ይብላ» ይላሉ። ከኋላ ያሉት ሴቶች እርስ በርስ ይንሾካሾካሉ። «ሌላ ሐሳብ ያለው?» ዝም። መምህሩ «ጉባኤው በሙሉ ድምፅ ተስማምቷል» ብሎ ይጽፋል፤ ያስፈርማል። ይኸው ነው፤ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም።

ያን ቃለ ጉባኤ ዓይናችንን ገልጠን እናንብበው። ከኋላ የነበረው ሹክሹክታ የለበትም። የቀን ሠራተኞቹም የሉበትም፤ እነሱ የቀበሌው ነዋሪ ተብለው አልተመዘገቡምና አይጠሩም። ቢራውን በብዛት የሚገዙት ግን እነሱ ናቸው፤ ደመወዛቸውን ይዘው ለእናታቸው ሳይደርሱ የሚቀሩትም እነሱ ናቸው። ሱቁ ከትምህርት ቤቱ በር ስንት ሜትር እንደሚርቅ አልተጻፈም። ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ አልተጻፈም። ጠጪው እዚያው በረንዳ ላይ ይቀመጥ ወይስ ገዝቶ ይሂድ አልተጻፈም፤ ይህ ደግሞ ሌሊቱን በሙሉ የሚለየው ነገር ነው። ባዶው ሳጥን መቀመጫ የሆነለት ሱቅ ከመጠጥ ቤት በምን ይለያል?

ጸሐፊው መምህር ሊያደርግ የሚችለው ትልቅ ነገር አይደለም። ብዕሩን ይዞ «ይቅርታ ጋሼ፣ ከኋላ በኩል እትዬ አንድ ነገር ያሉ መሰለኝ፣ ልጻፈው?» ማለት ነው። ሊቀ መንበሩ አይከለክለውም፤ ጸሐፊ መጠየቅ ሥራው ነው። እትዬም ቆማ ንግግር ከማድረግ ለጸሐፊ መንገር ይቀላታል። ተቃውሞው ከነምክንያቱ ይጻፍ፤ ስሟ እንዳይነሣ ከፈለገች «አንዲት ነዋሪ» ተብሎ ይጻፍ። ከስብሰባው በፊት ደግሞ ማመልከቻው በቀበሌው በር፣ በሱቁ በር፣ በወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጥቂት ሳምንት ይለጠፍ። ማንበብ የማይችሉት እንዲሰሙት በገበያ ቀን ይነበብ። ይህን ለማድረግ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም። ቀበሌው ደብዳቤውን ከመጻፉ በፊት መጠየቅን የሚከለክለው ማንም የለም።

ፈቃዱ ይሰጥ ከተባለም ቀበሌው በደብዳቤው ላይ ሐሳቡን ይጨምር። በእኛ በኩል ከሁሉ የምናስቀድመው ቢራ በዱቤ እንዳይሸጥ ነው። ይህ አንድ ነገር ቢከበር ሌላው ግማሹ ራሱ ይከበራል፤ ጠጪው ኪሱ ውስጥ ባለው ይጠጣል፣ የቤቱ ገጽ ለዘይትና ለሳሙና ይቀራል። ለባለሱቁም አይከፋም፤ በዱቤ የጠጣ ሰው ሲከፍል ይጣላል እንጂ በዱቤ ዘይት የወሰደች ሴት ትከፍላለች፤ ይህን ራሳቸው ባለሱቆቹ ይናገሩታል። ለልጅ ጠርሙስ አለመስጠት፣ በረንዳ ላይ አለማስጠጣት፣ መሸት ሲል መዝጋት ከዚያ ቀጥለው ይመጣሉ። ሰዓቱ በተለይ ለዚያ አካባቢ ቀላል ነገር አይደለም፤ ጸጥታው በታወከበት ጊዜ ሰክሮ በሌሊት መንገድ ላይ መገኘት ከራስ ምታት የበለጠ ነገር ያመጣል።

«ማን ይቆጣጠረዋል?» ተባልን። ልክ ነው፤ የቀበሌ ሚሊሻ በየምሽቱ የዱቤ ደብተር ሲያገላብጥ አይኖርም። ነገር ግን ፈቃድ ይታደሳል። በሚታደስበት ጊዜ ያ ቃለ ጉባኤ ቢወጣና «ይህን ብለህ ፈርመህ ነበር» ቢባል ባለሱቁ የሚመልሰው ቃል ይኖረዋል። በሙሉ ድምፅ ተስማማን ብቻ ከተባለ ግን ነገ ማንም የሚይዝበት ነገር የለም። ስለዚህ ነው ስለ ቢራ ተነሥተን ስለ ቃለ ጉባኤ ይኼን ያህል የለፈለፍነው።

አንድ ያልተስማማንበት ነገር ቀርቷል። ከመምህሮቻችን አንዱ፣ በዚያ ሱቅ ዱቤ ያለበት መምህር በዚያ ስብሰባ ላይ ጸሐፊ መሆን የለበትም ብለዋል። ግማሾቻችን እውነት ነው አልን። የቆላ ልጆች ግን ሳቁ፤ «በዚያ ሱቅ ዱቤ የሌለበት መምህር ከየት ይመጣል?» አሉ። ሐሙስ በተለመደው ሰዓት እዚያ ላይ እንቀጥላለን።